ወና ቤት ባለቤት አለው

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን ቪዲዮ ያላየ ያለ አይመስለኝም። ጎረምሳው ዲቴክተሩን፣ ብረት ጠቋሚውን ማሽን፣ ይዞ በፈረሰ የድንጋይ ቤት መሠረት ላይ ይመላለሳል፤ ማሽኑ ሲጮህ ይቆፍራል፤ ጠገራ ብር ያወጣና በሱሪው ጠርጎ ካሜራው ላይ ይደቅነዋል። ከሥር ማሽኑ ስንት እንደሚሸጥ የሚጠይቅ ሰው ተሰልፏል። እኔን ያንገበገበኝ ማሳረጊያው ነው፦ ወና ቤት ባለቤት የለውም፣ አፈር ውስጥ ያለ የአግኚው ነው፣ ካላወጣነውም በስብሶ ይቀራል፣ ደግሞስ ፈረንጅ አገር ይህ የእሁድ መዝናኛ አይደለም ወይ ይለናል።

ይበሰብሳል? ብር ድንች ነው እንዴ? ስንት ክረምት አፈር ውስጥ አሳልፎ በሱሪ ሲጠረግ የሚያብለጨልጭ ነገር፣ እሱ እስኪደርስለት ሊበሰብስ ምን ያህል ቀርቶት ነበር?

የፈረንጁም ነገር ያው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ማሳ ገብቶ መቆፈር አይቻልም፤ ሕጉ ውድ ቅርስ የሚለውን ያገኘም በ14 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌምስተር አጠገብ የቫይኪንግ ዘመን ሀብት አግኝተው የደበቁ ሁለት ሰዎች ወህኒ ወርደዋል። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ ያለ ፈቃድ ማሽኑን ይዞ ቅርስ ፍለጋ መውጣት በራሱ ወንጀል ነው። መዝናኛውን አይቶ ሕጉን አለማየት እንዴት ያለ አስተያየት ነው!

አሁን ወደ ጠገራው። ጠገራ በምንለው በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመት አለ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞቱት በዚያ ዓመት ነው፤ ብራቸው ግን ከዚያ በኋላም ሲቀረጽ ኖሯል። ቪየና ብቻ አይደለችም፣ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ቦምቤይ ሁሉ ቀርጸውታል፤ ሁሉም የጻፉበት ያንኑ 1780 ነው። ስለዚህ ብሩን መዳፍ ላይ አድርጎ በቴዎድሮስ ዘመን ይምጣ በሙሶሊኒ ዘመን መለየት ለተራ ሰው አይሞከርም። ዐዋቂ በጥቃቅን ምልክት ይለየው ይሆናል፤ እሱም ቢሆን የተቀረጸበትን እንጂ የተቀበረበትን ዘመን አያገኝም። ያንን የሚናገረው አፈሩ ነው። በማሰሮ ነበር ወይስ በጨርቅ? ምድጃው ሥር ነው ወይስ ደጃፉ ላይ? አጠገቡ ባለ ምኒልክ ብር አለ ወይስ የጣሊያን ሊሬ? ከላዩ የተቃጠለ ጣራ አመድ አለ? ባለቤቱ በ1928 ጦርነቱን ፈርቶ ቀብሮት ይሆን ወይስ በ1937 አዲሱ ብር ሲወጣ አልመነዝርም ብሎ? ጎረምሳው በአንድ ዶማ ምት ይህን ሁሉ ጥያቄ ገደለው። ማሽኑ የሚጮኸው ለብረት ብቻ ነው፤ ለገል፣ ለአመድ፣ ለምድጃ ድንጋይ ደንቆሮ ነው። ቆፋሪውም እንደ ማሽኑ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ኤሪክ ሎውስ የሚባል እንግሊዛዊ የወዳጁን የጠፋ መዶሻ ሲፈልግ ሆክስን መንደር ውስጥ የሮማውያንን ወርቅና ብር አገኘ። መቆፈሩን አቁሞ ሰው ጠራ። ባለሙያዎች በቦታው እንዳለ ስላወጡት ሀብቱ የነበረበትን የእንጨት ሣጥን ቅሪት ሳይቀር ለይተዋል። እኛ ጋ ደግሞ በሳንቲማቸው ብቻ የምናውቃቸው የአክሱም ነገሥታት አሉ፤ ስንቱ ሳንቲም ግን ከየት ማሳ እንደወጣ ሳይጻፍለት ተሸጦ በውጭ አገር ስብስቦች ውስጥ ተቀምጧል! የንጉሡ ስም አለ፣ አገሩ የለም።

ባለቤት የለውም የሚለው ግን ከስሕተትም ያልፋል። ወና ቤት እኮ ሰዎቹ የሞቱበት፣ የተሰደዱበት፣ የተፈናቀሉበት ቤት ነው። ስንቱ ቤቱን ዘግቶ በወጣበት በዚህ ዘመን ባዶ ቤት ለቆፋሪ የተፈቀደ ነው ብሎ ማስተማር ዝርፊያን መባረክ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘም እንዲያሳውቅ ያዛል። ጦርነት ባለፈባቸው ቦታዎች ደግሞ ማሽኑ ለጠገራውም ላልፈነዳው ቦምብም እኩል ይጮኻል፤ ይህን የሚናገር ሻጭ አልሰማሁም።

ፈቃድ ይዘው በማሽኑ ወርቅ ከሚፈልጉ ማኅበራት ጋር ጠብ የለኝም። የቪዲዮው ባለቤት ግን ብሩን ይዞ ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይሂድ፤ ሰዎቹንም ወስዶ ጉድጓዱን ያሳያቸው። ማሽን ሻጮቹም ከዋጋው ጎን የአዋጁን ቁጥር ይጻፉ። ቦታ አያንሳቸውም።