ይድረስ ለወይዘሮ ሄዘር፣ ኳሴን ለበሉት

ጉዳዩ፦ በእንግሊዝ አገር፣ በሰሪ አውራጃ የጎልፍ ሜዳዎች ላይ ስለሚፈጽሙት ግፍ

የተከበሩ ወይዘሮ ሄዘር፣

እንደምን ከረሙ? ጥያቄው ለወግ ያህል ነው። ነሐሴ ላይ አይቼዎታለሁ። አበባዎ ሜዳውን ሐምራዊ አድርጎታል። ንቦች ይዞሩዎታል። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሳዎታል። እኔም አንስቼዎታለሁ። ፎቶው ላይ የማይታየው፣ ከዚያ ሁሉ ውበት ሥር ያለችው ኳሴ ናት።

ለማያውቅዎ አንባቢ ላስተዋውቅዎ። እርስዎ አጭር ቁጥቋጦ ነዎት። ቁመትዎ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ቢሆን ነው። ከሩቅ ሲያዩዎት የተነጠፈ ምንጣፍ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን እንጨት ነዎት፤ ያውም እርስ በርሱ የተጠላለፈ እንጨት። የጎልፍ ኳስ ስፋቷ 43 ሚሊሜትር አይሞላም። እርስዎ ላይ ስትወድቅ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ያሳልፏታል፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይከደናሉ። የት እንደወደቀች በዓይኔ አይቻለሁ። አብረውኝ የነበሩትም አይተዋል። ሄደን ስናይ የለችም።

ከዚያ ፍለጋው ይጀመራል። ሕጉ የሚሰጠን ሦስት ደቂቃ ነው። ድሮ አምስት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ሲሻሻል ሁለቱን ደቂቃ ቀነሷት። ጨዋታው እንዲፋጠን ነው አሉ። እኔ ግን እዚያ ኮሚቴ ውስጥ የእርስዎ ሰው ሳይኖርበት አይቀርም እላለሁ። አራት ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ብለን በዱላ እንኮረኩርዎታለን። አንዱ «አገኘኋት!» ብሎ ይጮኻል። የሌላ ሰው ኳስ ናት። አረንጓዴ ሻጋታ ይዛለች፤ ባለቤቷ ይሄኔ ጡረታ ወጥቷል። ሰዓቱ ሲያልቅ እኔ አንድ ምት ተቀጥቼ፣ ወደ መጣሁበት ተመልሼ፣ እንደገና እመታለሁ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ፈገግ ይሉልኛል። የእንግሊዝ ፈገግታ ነው፤ ስድቡ ውስጡ አለ።

ጠፍታ ብትቀር ግልግል ነበር። የባሰው ስትገኝ ነው። ልመታት ዱላዬን ሳወርድ፣ እርስዎ በእነዚያ ቀጫጭን እንጨቶችዎ የዱላውን አንገት ጥምጥም አድርገው ይይዙታል። ዱላው ይጠመዘዛል። ኳሷ ወደ ግራ ሁለት ክንድ ያህል ተንከባላ እንደገና እርስዎ ጉያ ውስጥ ትገባለች። ቅርንጫፍዎን ሰብሬ መንገድ ልጥረግ ብል ሁለት ምት እቀጣለሁ። እርስዎ ዱላዬን ሲያንቁ የሚቀጣዎት ሕግ ግን አልተጻፈም። የሜዳው ሽማግሌዎች «አጭሯን ዱላ ያዝ፣ ወደ ጎን ምታና ውጣ» ብለው ይመክሩኛል። ወደ ጎን! ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ፣ ባቡር ተሳፍሬ፣ ያንን ሁሉ ገንዘብ ከፍዬ፣ ወደ ጎን?

በአሸዋ ጉድጓዶቹ አፋፍ ላይም በቅለዋል፤ ባንከር በሚሏቸው። ከአሸዋው ያመለጠ እርስዎ እጅ ይገባል ማለት ነው።

እዚህ ጨዋታ ውስጥ ማን አስገባዎት ብዬ ታሪክ አገላበጥኩ። ጠበቆች ናቸው። መቼም ሌላ ማን ይሆናል። ከዚያ በፊት ከባሕር ዳርቻ ርቆ የሚጫወት እንግሊዛዊ የብርዱን ወራት ጭቃ ሲያቦካ ነበር የሚከርመው። የእርስዎ መሬት ግን አሸዋ ነው፤ ዝናቡን ወዲያው ይውጠዋል። ለእርሻ የማይረባ፣ አሲድ የበዛበት ስለሆነም ብዙ የሚሻማበት ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1893 የለንደን ጠበቆች በሰሪ፣ ዎኪንግ ላይ፣ በእርስዎ መሬት ከመጀመሪያዎቹ የጎልፍ ሜዳዎች አንዱን አቋቋሙ። ሰኒንግዴል በ1901፣ ዋልተን ሂዝ በ1904 ተከተሉ። ዋልተን ሂዝ ላይ የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትሮቹ እነ ሎይድ ጆርጅና ቸርችል ይጫወቱ ነበር። ያን ሁሉ ቅኝ ግዛት የሚገዙ ሰዎች ጎንበስ ብለው እርስዎን ሲለማመጡ በዓይነ ሕሊናዬ ይታዩኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኛል።

ያንን ዝነኛ አሜሪካዊ ጎልፈኛ፣ ቦቢ ጆንስን ግን ምነው ማሩት? በ1926 ሰኒንግዴል ላይ ለብሪቲሽ ኦፕን ማጣሪያ ሲጫወት 18ቱን ጉድጓድ በ66 ምት ጨረሰ። ግማሹ፣ 33ቱ፣ ግሪን በሚሉት፣ ጉድጓዱ ባለበት የተላጨ ሣር ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የገፋባት ነው። ሌላው 33 ሜዳውን በሙሉ አቋርጦበታል። እኔ 66ኛዋን ስመታ የክለቡ ቤት ገና በሩቁም አይታይም ነበር። ሰው እየመረጡ ነው እንዴ የሚበሉት?

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ሌላ ነው። እርስዎ ከሰው በፊት የነበሩ፣ ማንንም የማይፈልጉ የዱር ተክል መስለው ይታያሉ። ውሸት ነው! ያ አገር ጫካ ነበር። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሰዎች ዛፉን ጨፈጨፉ። ከብትና በግ አሰማሩበት፤ ለማገዶም ቆረጡ። ዛፍ ማደግ ሲያቅተው እርስዎ ባዶውን መሬት ወረሱ። እረኛው ሥራ ቀይሮ ሲሄድ ደግሞ በርች የሚባለው ዛፍና ጥድ ተመልሰው ይሸፍኑዎት ጀመር። በእንግሊዝ ቆላ ከነበረው ሄዘራማ ሜዳ ከ1800 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ጠፍቷል። ታዲያ ዛሬ ከተረፉባቸው ቦታዎች አንዱ የት ነው? እኛው ሜዳ ላይ ነዋ! ክለቦቹ ፀሐይ እንዲያገኙ ብለው ዛፍ ያስቆርጡልዎታል። የበርች ችግኝ ከአጠገብዎ ያስነቅሉልዎታል። ሲያረጁ አሳጭደው እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ያደርጋሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው በማን ገንዘብ ነው? ኳሱን በበሉበት ሰው ገንዘብ! ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው።

እንዳልከስዎት ደግሞ ጠባቂ አብጅተዋል። እግርዎ ሥር ብርቅዬ እንሽላሊት አስጠግተዋል። ናይትጃር የምትባል፣ ሌሊት የምትበር፣ እንቁላሏን መሬት ላይ የምትጥል ወፍም አለችዎት። እርስዎን ክፉ የተናገረ የተፈጥሮ ጠላት ተብሎ ይቀራል። ብልጠትዎን አደንቃለሁ።

እኛ አገርም ዘመድ አለዎት። ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ፣ አስታ ትባላለች። ብርዱን ችላ፣ ከሰው ቁመት በላይ አድጋ፣ ጺሟን አንጠልጥላ በክብር ቆማለች። የደጋው ሰው ማገዶ ያደርጋታል፤ አጥርም ያጥርባታል። ማንም እንክብካቤ አላደረገላትም። የማንንም ንብረት ስትውጥ ግን አልተሰማም። እንዲያው አንድ ቀን ደውለው ምክር ቢጠይቋት።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። ከአሥራ አራተኛው ጉድጓድ በስተቀኝ፣ ከተጋደመው የጥድ ግንድ አለፍ ብሎ፣ ሰማያዊ ነጥብ ያለባት ኳስ አለች። ነጥቧን ያደረግሁት እኔ ነኝ። አዲስ ናት፤ አንዴ ብቻ ነው የተመታችው። ቢመልሱልኝ በሰላም እንለያያለን። ካልሆነ ግን በሚመጣው ወር እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ይዤልዎ መምጣቴ አይቀርም።

ከሰላምታ ጋር፣
በስተቀኝ ሲፈልግ የሚያውቁት ሰውዬ

ግልባጭ፦

ለበርች ችግኞች፣ ባሉበት፦ አትክልተኞቹ ዕረፍት ሲወጡ አደራችሁን።

ለወይዘሮ ናይትጃር፦ እንቁላልሽ አጠገብ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ያላት የእኔ ናት። ብትታቀፊያትም አትፈለፈልም።