ዕድሜ ለፎርማት

ጅማ ላይ ኮምፒውተር ሲታመም የምርመራ ጣጣ የለም። ከሄርማታ መርካቶ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ ማለትም ፎርማት። ድምፅ ጠፋ? ፎርማት። ፕሪንተሩ አኮረፈ? ፎርማት። ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ገዝፎና ደብዝዞ ታየ? ይሄማ ጥያቄም የለው! ሌላው ዓለም ሕመሙን ሲለይ ዕድሜው ያልቃል። እኛ ተገላግለናል።

ሥርዓቱ ራሱ ያስደስታል። አንዲት እናት የጽሕፈት ቤታቸውን ኮምፒውተር በነጠላ ጠቅልለው በባጃጅ ከች ይላሉ። «የኔ ልጅ፣ ጽሑፉ ሁሉ ተለጠጠብኝ።» ቴክኒሻኑ ከስልኩ ቀና አይልም። «ፎርማት ነው ማዘር። ነገ ይውሰዱት።» «ፋይሌስ?» «ዲ ላይ ካለ አይነካም።»

ዲ የሚባለው የዲስኩ ክፍል ላይ የለማ! የእድሩ መዝገብ፣ የኪራይ ውሉ፣ የተማሪው መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ዴስክቶፕ ላይ ተደርድሯል። ዴስክቶፕ ደግሞ ፎርማት በሚጠርገው ክፍል፣ ሲ ላይ ነው። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ንጹሕ።

ስክሪኑስ? እንደተለጠጠ ነው። አይፈረድበትም። አዲስ ዊንዶውስ ምስል የሚያወጣውን የግራፊክስ ካርድ ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ካላገኘ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» በሚባል ተጠባባቂ ይሠራል። ተጠባባቂው ብዙ ጊዜ 1024 በ768 ነጥብ በሆነ ሪዞሉሽን ላይ ሙጭጭ ይላል። ሞኒተሩ 1920 በ1080 ከሆነ ምስሉ ወደ ጎን ይለጠጣል። የጎደለው አንድ ድራይቨር ነበር። ፎርማቱ ደግሞ የተረፉትንም ድራይቨሮች ጠራርጎ ወሰዳቸው። ሙያ ማለት ይሄ ነው።

ዊንዶውስ 10ም ሆነ 11 ኢንተርኔት ካገኘ ድራይቨሩን ብዙ ጊዜ ራሱ ፈልጎ ይጭናል። ባለሙያዎቻችን ግን አርቀው ያስባሉ፤ ይቺንም ቀዳዳ ደፍነዋታል። «ማዘር፣ ኢንተርኔት እንዳያገናኙት። አፕዴት ካደረገ ይበላሻል።»

ደግሞ የተለጠጠ ስክሪንን በረከት ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል! ፎቶ ቤት ግቡና እዩ። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ፊት አንድ ሦስተኛ ያህል ይሰፋል። ከሲታው ጉንጭ ያወጣል፣ ሙሽራዋ ትደላደላለች። ኤዲተሩ ታዲያ ደግ ሰው ነው፤ «ትንሽ ላቅጥንህ» ብሎ ከጎንና ከጎን ይጨምቀዋል። ስክሪኑ ላይ ልክ ይመጣል። ሲታተም ግን ባለጉዳዩ ረመዳንና ሁዳዴን አከታትሎ የጾመ ይመስላል። መታወቂያው ላይ ተለጥፎም ለዓመታት አብሮት ይኖራል።

ጌም ወዳዱንም አንርሳ። አባት በቡና ብር የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ ከአዲስ አበባ አስመጥተውለታል። የሞኒተሩ ኬብል ግን ዛሬም የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ካርዱ ፋኑን እያሽከረከረ በሰላም አርፏል። ኬብሉን ነቅሎ ዝቅ ብሎ ካርዱ ላይ መሰካት የሰከንዶች ሥራ ነው። ግን ጌሙ ከተንቀራፈፈ ፎርማት እያለ ኬብል መነካካት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ወግ አፍራሾች በእርግጥ አሉ። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርገው ዲቫይስ ማናጀር ይገባሉ። ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ሥር ቤዚክ የሚል ስም ካዩ ድራይቨር እንደሌለ ይገባቸዋል። ካርዱ የኢንቴል ይሁን የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ሞዴሉን አጣርተው፣ ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርደው ይጭናሉ። ሪስታርት ያደርጋሉ። ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ገብተው «ሪኮመንድድ» የሚለውን ይመርጣሉ። ኔትወርኩ ካልተጫወተባቸው ቡናው ተቆልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ያልቃል። ግን «ነገ ይውሰዱት» የማይባልበት ሥራ ምን ክብር አለው?

አንዱ ጎረምሳ ለነጋዴ አጎቱ እንዲሁ አስተካከለለት። ምስሉ ኩልል አለ። ጽሑፉ ግን፣ ሪዞሉሽን ሲጨምር እንደሚሆነው፣ አነሰ። እዚያው ሴቲንግስ ውስጥ የጽሑፉን መጠን የሚወስነውን ስኬል 125 ፐርሰንት ማድረግ ይበቃ ነበር። አጎት ግን ልጁ ትምህርት ቤት እስኪሄድ ጠብቆ፣ ሲፒዩውን ታቅፎ ሜንቴናንስ ቤት ደረሰ።

«ጽሑፉ ደቀቀብኝ።»

ቴክኒሻኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስልኩ ቀና አለ። «ማነው የነካካው?»