የተጎዳ ሠራተኛን ሕክምና ማን ይከታተል?

ኮምቦልቻ ውስጥ ሠራተኛ በማሽን ሲጎዳ በመጀመሪያው ሰዓት የሚደረግለት ነገር ብዙ ጊዜ የሚያስመሰግን ነው። ባልደረቦቹ ተረባርበው ደሙን ያስቆማሉ፤ መኪና ተፈልጎ ሆስፒታል ይደርሳል። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ላይ ነው።

የማውቃት አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ቀኝ እጇ ማሽን ውስጥ ገብቶ ተጎዳች። ቁስሉ ተሰፍቶ ዳነ፤ ጣቶቿ ግን አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙ ደሴ ሄዳ ፊዚዮቴራፒ እንድትጀምር ጻፈላት። ወረቀቱን ለሰው ሀብት ክፍል አስገባች፤ ሰው ሀብት ወደ ፋይናንስ መራው፤ ፋይናንስ ደግሞ «ከፍለሽ ደረሰኝ አምጪ» አላት። ከየት አምጥታ ትክፈል? ራጇን በፌስታል ይዛ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ስትወጣና ስትወርድ የከረመችው በብድር ነው። ብድሩ ሲያልቅ ቀጠሮው አለፈ። ዛሬ በዚያ እጇ መቀስ መያዝ አትችልም።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ግልጽ ነው። አጠቃላይና ልዩ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ ካስፈለገም ሰው ሠራሽ አካል፣ ሁሉም የአሠሪው ግዴታ ነው፤ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ። ሕክምናው የሚቋረጠውም የሕክምና ቦርድ ሲወስን ብቻ ነው።

በዚሁ አዋጅ መሠረት በሥራ ላይ ጉዳት ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በመጨረሻዎቹ 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ይህ ስሌት ማንን እንደሚጎዳ ልብ በሉ። የአንድ ኃላፊ ፊርማ አንድ ወር ሲዘገይ ሕክምናው በአንድ ወር ይረዝማል። ደመወዙ የሚቀነሰው ግን ፊርማውን ያዘገየው ሰው ሳይሆን እጁ የተጎዳው ነው። ተከራይቶ ለሚኖር፣ ገጠር ላሉት ወላጆቹም ለሚልክ ወጣት ግማሽ ደመወዝ ማለት ሕክምናውን ትቶ ወደ ቤተሰቡ መመለስ ማለት ነው።

አሠሪዎች በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደረሰባቸውን ዝርፊያና ውድመት ያነሳሉ። እውነት ነው፣ ከተማዋ ክፉኛ ተጎድታለች፤ የደሴ ሆስፒታልም ተዘርፎ ነበር። እኔ የምጠይቀው ግን አዲስ ወጪ አይደለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ የተጎዱ ሠራተኞችን ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚከታተል፣ ስሙና ስልኩ የሚታወቅ አንድ ሰው ይመድብ። ከሆስፒታል ጋር የዱቤ ሕክምና ውል ይኑር፤ ሠራተኛው ደብዳቤ ይዞ ይታከም፣ ሂሳቡን ፋብሪካው ይክፈል። ቀጠሮ ሲደርስ የሚያስታውሰው፣ ሪፈር ሲጻፍለት በዚያው ቀን የሚያስፈርምለት፣ ቀላል ሥራ መሥራት ይችል እንደሆነ ሐኪሙን የሚጠይቅለት ይህ ሰው ይሁን። ደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ያላት ከተማ ናት። እግሩን ያጣ ሠራተኛ ወደዚያ የሚመራው ሰው አጥቶ ቤት መዋል የለበትም።

ስጋትም አለኝ። ይህ ሰው ሠራተኛውን ሳይድን ወደ ማሽኑ የሚገፋ የአሠሪ ወኪል እንዳይሆን እፈራለሁ። ስለዚህ ተጠሪነቱ ለሥራ አስኪያጁ ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛ ማኅበሩም ይሁን። የሕክምናውን ነገር የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የእያንዳንዱ ወረቀት ቅጂም በሠራተኛው እጅ ይቅር።

የመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ፋብሪካ ሲገቡ የራስ ቁርና ጓንት አይተው ብቻ አይውጡ። ባለፈው ዓመት የተጎዱትን ሠራተኞች ፋይል ያስወጡ፤ የትኛው ቀጠሮ ለምን እንዳለፈ፣ የትኛው ደረሰኝ ለምን እንዳልተከፈለ በስም እየጠሩ ይጠይቁ።