ማሳ ላይ ቆሞ «ካሬው ስንት ነው?»

ከአገር ቤት ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ አሁንም ዓይኔ ላይ ያለው አንድ ነገር ነው። ጥቅምት ውስጥ፣ መናገሻ ሱባ ጫካ ግርጌ፣ አጎቴ ማሳ ላይ፣ ጤፉ ሊታጨድ ትንሽ ሲቀረው አንድ ደላላ መሀል ለመሀል እየረገጠው ገባና ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ገና ከሩቅ «ካሬው ስንት ነው የሚሉት?» አለ። እንዴት አደሩ የለ፣ አዝመራው እንዴት ነው የለ። ጋሼ ሰባዎቹን ያለፉ ሰው ናቸው፣ ዱላቸውን ተደግፈው የተኛውን ጤፍ አዩ፣ ከዛ ወደኔ ዞረው «የማን ልጅ ነው ይሄ?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ለምን ይሄን ያህል እንዳንገበገበኝ እንዲገባችሁ የምኖርበትን የአሜሪካውን፣ የሚኒሶታውን ላውራችሁ።

አብሮኝ የሚሠራ ፈረንጅ አለ፣ አደን ነፍሱ ነው። ባለፈው ፀደይ መሬት ልገዛ ነው አለኝ። ቤት ልትሠራ ነው? አይ። ልታርስ? አይ። ለአደን። በኖቬምበር መጀመሪያ የጠመንጃ አደን ሲከፈት ለጥቂት ቀን ዛፍ ላይ ወጥቶ አጋዘን ለመጠበቅ ብቻ! 40 ኤከር፣ በኛ 16 ሄክታር ማለት ነው። መጀመሪያ ሀብት ያሳበደው መሰለኝ፣ ግን ሰውዬው እንደኔው ፈረቃ የሚገባ ነው፣ ለዚህ ብሎ ስንት ዓመት ያጠራቀመ። ቅዳሜ አብረን እንሂድ ሲለኝ ሄድኩ፣ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን፣ ዱሉዝ የሚባለውን ከተማ አልፈን።

መኪናውን መንገድ ዳር አቆመና አልገባም። ምን ትጠብቃለህ ስለው ለባለቤቱ ማታ ደውዬለታለሁ፣ ሲደርስ እንገባለን አለ። ባዶ ጫካ እኮ ነው! የሚረገጥ ቡቃያ የለው፣ የሚፈራ ውሻ የለው። ሰውዬው መጣ፣ ተጨባበጡ፣ ስለ በረዶው ስለ ልጆቹ ምናምን ካወሩ በኋላ ነው የተገባው። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከዛ አራት ሰዓት በእግር። ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ያኔ ነው ያየሁት። አጋዘን ቀንዱን ያሻሸበትን ግንድ ይፈልጋል፣ ፋንድያ ይፈልጋል፣ ነፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ያያል፣ ምክንያቱም ጠረኑ ቀድሞት ከሄደ አጋዘኑ አይመጣም። ወንዝ አለ? ከፊሉ ረግረግ ነው? ዛፉ ቢሸጥ ስንት ያወጣል፣ እሱን የሚገምት ባለሙያ ቀጥሮ ነበር። መግቢያ መንገዱ የማን ነው? እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ተገኘ። ሻጩ ሃያ ዓመት ሙሉ በጎረቤቱ መሬት ላይ ሲያልፍ የኖረው በቃል ስምምነት ነው፣ ወረቀት የለውም። መንገድ የሌለው መሬት ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ባልደረባዬ የመተላለፊያ መብቱ ተጽፎ ካውንቲው ጋ (እንደኛ ወረዳ በሉት) ካልተመዘገበ አልገዛም አለ፣ ተጻፈ፣ ሁለት ሳምንት ፈጀ።

ዋጋውስ? ሻጩ በኤከር 3,400 ዶላር ብሎ ነበር። ባልደረባዬ ማታ ስልኩ ላይ የካውንቲውን ካርታ ከፈተ። እኔም ከጎኑ ሆኜ አየሁ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ወሰኑ የት ጋ እንደሚያልቅ፣ ግብሩ ስንት እንደሆነ ይታያል። በሚኒሶታ ደግሞ መሬት ሲሸጥ ገዢ ዋጋውን ለመንግሥት ያሳውቃል፣ ያንን ማንም ሰው ገብቶ ያየዋል። (ሁሉም ስቴት እንደዛ አይደለም፣ ቴክሳስ ዋጋ ማሳወቅ ግዴታ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ የዳላስ ሰዎች እንዳትቆጡኝ።) አጠገቡ ያሉ ሁለት መሬቶች በስንት እንደተሸጡ አየ፣ ከአርባው ኤከር 11ዱ ረግረግ መሆኑን አየ፣ ተነጋገሩ፣ በ2,900 ተስማሙ። 116 ሺህ ዶላር። በካሬ ባሰላው የዶላር 72 ሳንቲም ገደማ። ከዛ ደግሞ የባለቤትነት ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ማን ለማን እንደሸጠ፣ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት የሚያጣራ ድርጅት አለ፣ እሱ አረጋግጦ ነው ብሩ እጅ የሚቀይረው።

እና የገረመኝ፣ ይሄ ሁሉ ተደርጎም አጋዘኑ የሱ አይደለም። መሬቱ የሱ፣ አውሬው የሕዝብ ነው። በየዓመቱ ፈቃድ ያወጣል፣ ሌላ አዳኝ እንዲያየው ብርቱካናማ ልብሱን ይለብሳል፣ ከተፈቀደለት በላይ ቢገድል ይቀጣል፣ ገዛ መሬቱ ላይ።

እዛ ሁሉም ነገር ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ያ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1854 በተፈረመ ውል ከነባሩ የኦጂብዌ ሕዝብ የተወሰደ ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ያኔ የማደንና ዓሣ የማጥመድ መብታችን ይቀጥላል ብለው አስጽፈው ነበር፣ ያ ጽሑፍ ዛሬም ፍርድ ቤት ይሠራል። ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ከመቶ ምናምን ዓመት በኋላ የሰው ልጅ ልጅ ይጠቅማል፣ እኔ የቆጨኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ማሳ እንመለስ።

ቦታውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከላይ ወጨጫ ተራራ፣ ከሱ ሥር አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው ያስተከሉት የሚባለው የጽድ ጫካ፣ ጉሬዛው፣ የምኒልክ ድኩላ። ከጫካው የሚወጣው ዝንጀሮና ከርከሮ እህል ስለሚጨርስ ጋሼ ማማ አላቸው፣ በአራት ባህር ዛፍ የቆመ፣ ወንጭፍ ይዘው ሌሊት የሚያድሩበት። ባልደረባዬ ዛፍ ላይ የሠራውን መቀመጫ ፎቶ ሳሳያቸው «ማማ ነው እኮ! ምን ይጠብቃል?» አሉኝ። አጋዘን እስኪመጣ ይጠብቃል ስላቸው ዝም አሉ። ቆይተው «እኔ እንዳይመጣ እጠብቃለሁ፣ እሱ እንዲመጣ ገንዘብ ከፈለ» አሉ። 16 ሄክታር መሆኑን ስነግራቸው ደግሞ በጣም ነው የደነገጡት፣ ምክንያቱም እሳቸው የሚያስታውሱት የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ለአንድ አራሽ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቅድም ነበር፣ የሳቸው ድርሻ ደግሞ ሦስት ጥማድ ናት፣ 7,500 ካሬ አካባቢ።

ጋሼ መሬት መሸጥ አለበት የሚሉ ሰው አይደሉም፣ ይሄንንም ልናገር። አባታቸው እኩል አራሽ ጭሰኛ ነበሩ፣ ካረሱት ግማሹን ለባለ መሬቱ የሚሰጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ በሬዲዮ ሲነገር አባታቸው ማሳው ላይ ተንበርክከው አፈሩን እንደሳሙት ሁሌ ይነግሩኛል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ ነው ብሎ አስቀምጦታል። እኔ ዱሮ ይሄ ነው ኋላ ያስቀረን እያልኩ የምከራከር ሰው ነበርኩ፣ ጋሼ ግን «በ77 ድርቅ መሬት ቢሸጥ ኖሮ ስንቱ በአንድ ቁና ይሰጥ ነበር?» ብለው መለሱልኝ፣ መልስ አልነበረኝም።

ግን ይኸው አይሸጥም የተባለው መሬት ከአዲስ አበባ ወጣ ስትሉ በየቀኑ ይሸጣል። ሱሉልታ ሂዱ፣ ሰንዳፋ ሂዱ፣ ሰበታ ሂዱ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የጭቃ ቤት ሽያጭ ነው፣ የአጥር ባህር ዛፍ ሽያጭ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ብድር ነው። የተሸጠበት ዋጋ የትም አይጻፍም። ስለዚህ ዋጋውን የሚያውቀው ማነው? ደላላው ብቻ!

ያ ደላላ ለጋሼ ያላቸው በካሬ 900 ብር ነበር። «አባባ፣ ፕላን ሊወጣበት ነው፣ ቶሎ ካልሸጡ በካሳ ይወስዱታል» ብሎ አስፈራራቸው። ማታ ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ከአሜሪካ የመጣሁ ገዢ ነኝ ብዬ ደወልኩለት። ያንኑ ማሳ፣ ያንኑ ሦስት ጥማድ፣ 4,200 ብር አለኝ! «ከበረንዳህ ሆነህ ድኩላ ታያለህ፣ ለዊክኤንድ ቤት ቁጭ ያለ ነው» አለኝ። ለገበሬው ሊወሰድ ነው፣ ለኔ ቁጭ ያለ ነው። ልዩነቱን ቁጭ ብዬ አሰላሁት፣ 24 ሚሊዮን ከ750 ሺህ ብር። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ዕድሜ ልኩን ማማ ላይ ሲያድር ከኖረ ሰው ኪስ በአንድ የስልክ ጥሪ ሊወጣ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስልኩን ዘጋሁት።

ካሳው ላይም ብዙ ማለት ይቻላል። በፊት በካሳ አዋጁ፣ በአዋጅ 455፣ ካለፉት አምስት ዓመታት የዓመት ገቢ አማካዩ በ10 ይባዛ ነበር፣ በአዋጅ 1161/2011 ደግሞ ካለፉት ሦስት ዓመታት ገቢ ከፍተኛው በ15 ይባዛል፣ ተሻሽሏል። ግን የሚቆጠረው መሬቱ ያበቀለው ጤፍ ነው። አስፋልቱ ምን ያህል እንደቀረበ፣ ከጎኑ ያለው በስንት እንደሄደ አይቆጠርም። ገበሬው ይሄን ስለሚያውቅ ነው ደላላው «ፕላን» የምትለዋን ቃል ሲጠራ የሚርበተበተው፣ ደላላውም ስለሚያውቅ ነው የሚጠራት።

እኔ እንደ ሚኒሶታ ይሸጥ አላልኩም። የጋሼን ነገር ሰምቼ እንዴት እላለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ለአጋዘን ማድፈጫ የሚሆን ጫካ ወሰኑም፣ ዋጋውም፣ መንገዱም፣ ረግረጉም ተጽፎ ለማንም ክፍት ሲሆን፣ ስምንት ነፍስ የሚያበላ ማሳ በጆሮ ሹክሹክታ ዋጋ ሲወጣለት ማየት ነው። ያቺ ሰላምታም! ፈረንጁ ባዶ ጫካ ደጃፍ ላይ ባለቤቱ እስኪመጣ ቆሞ ጠበቀ፣ የኛው ልጅ የደረሰ ጤፍ ረግጦ ገባ። ጤፍ እኮ ነው፣ ተኝቶ ከቀረ ግማሹ አይነሳም።

ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር አደረግን። የአጎቴ ልጅ አስተማሪ ነው፣ የተማሪ ደብተር አመጣ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሼ ጎረቤቶቻቸውን ቡና ጠሩ፣ ማን በስንት እንደሸጠ፣ መቼ፣ በየትኛው ደላላ፣ ስንት እንደተባለና ስንት እጁ እንደገባ አንድ በአንድ ይናገር ተባለ። መጀመሪያ ማንም አፉን አልከፈተም። ሁሉም እኔ ብቻ ነኝ የተታለልኩት ብሎ አፍሯል ለካ። ከዛ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴትዮ «በ350 ነው የሰጠሁት፣ አምና በሰኔ» አለች። አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡ፣ በዛው ሰኔ፣ ለዛው ደላላ፣ አጥር ለአጥር የሚዋሰነውን መሬት በ600 ሰጥተው ነበር።

አስተማሪው ጻፈው። ያን ቀን ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ፣ ትናንት ማታ ሲደውልልኝ 23 ደርሰዋል፣ ከወንዝ ማዶም እየመጡ ነው አለኝ። ደብተሩን የት ነው የምታስቀምጡት ስለው ጋሼ ማታ ማታ ማማው ላይ ይዘውት ይወጣሉ አለኝ።