ከ«ጊቭን» በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር

የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት። ባለፈው ቅዳሜ የፊዚክስ ወርክሺቷን ይዛ መጣች። ርዕሱ ከረንት ኤሌክትሪሲቲ ነው፤ በሽቦ ውስጥ ስለሚፈስ ኤሌክትሪክ። 40 ጥያቄ፣ ሁሉም ምርጫ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ 6 ኦም እና 3 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች (ከረንትን የሚገቱ ዕቃዎች) በፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን እያንዳንዳቸው በቀጥታ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ተያይዘዋል፤ ከባትሪው የሚወጣው ከረንት ስንት ነው? ልጅቷ ጊቭን፣ ሪኳየርድ፣ ሶሉሽን (የተሰጠ፣ የሚፈለግ፣ መፍትሔ) ብላ ጻፈች። አጠቃላይ ሬዚስታንሱ 2 ኦም፣ ከረንቱ 6 አምፒር። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ልክ ናት።

«ሌላ ሦስተኛ ሬዚስተር በፓራለል ብንጨምር፣ በ6 ኦሙ ውስጥ የሚያልፈው ከረንት ምን ይሆናል?» አልኳት። ቁጥር አልሰጠኋትም።

«ይቀንሳል» አለች ወዲያው።

«ለምን?»

«ይካፈሉታላ፣ ጋሼ።»

ስህተት ነው። ግን የእሷ ብቻ ስህተት አይደለም። እኔም በተማሪነቴ እንደዚሁ አስብ ነበር፤ ሳስጠና ደግሞ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ባትሪው የተወሰነ ከረንት በጆንያ ይዞ ለሬዚስተሮቹ የሚያድል ይመስለናል። ባትሪው ግን የሚያቀርበው ቮልቴጅ፣ ማለትም ከረንቱን የሚገፋውን ግፊት ነው። 6 ኦሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ቮልት እስካገኘ ድረስ 2 አምፒር ያልፍበታል፤ አጠገቡ ማንም ይሰካ ማን። የሚጨምረው ከባትሪው የሚወጣው ድምር ነው። ልጅቷ ራሷ 12ን ለ6 አካፍላ 2 ስታገኝ ዝም አለች። ያንኑ ቀመር እኮ ከደቂቃ በፊት ተጠቅማበታለች።

እንግዲህ የምለው አንድ ነገር ነው። ተማሪው «ጊቭን» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ምን ይሆናል ብሎ እንደሚገምትና ለምን እንደሆነ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚያስብበት ቋንቋ። ከዚያ በኋላ ያስላ።

ቋንቋውን በከንቱ አላነሳሁትም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ያልገባው ልጅ ቁጥሮቹን ግን ያነባል። ቮልት አለ፣ ኦም አለ፣ አካፍል። መልሱም ብዙ ጊዜ ልክ ይመጣል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልክ የመጣ መልስ ያልገባውን ነገር ይሸፍንለታል። መምህሩም አያየውም፤ ልጁም ራሱ አያየውም።

መምህራን የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። ጊዜ የለም፣ ፈተናው ምርጫ ነው፣ ፍጥነት ይፈልጋል። ጭንቀታቸው ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ጥያቄ በገፍ ማሠራት ነው የያዘው። ግን ፍጥነቱም ቢሆን የሚመጣው ከግምት ነው። ፓራለል ሲሆን አጠቃላይ ሬዚስታንሱ ከትንሹም ያንሳል። ይህ የገባው ልጅ 6 እና 3 ኦም ሲያይ መልሱ ከ3 በታች መሆኑን ያውቃል። ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን እስክሪብቶ ሳያነሳ ይጥላቸዋል።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለች፦ «እሺ፣ ታዲያ እማዬ ምጣድ ስትሰካ አምፖሉ ለምን ይደክማል? የቤቱም መስመር እኮ ፓራለል ነው።»

ይህን ስትል እንዴት ደስ እንዳለኝ! ከ40ዎቹ ጥያቄዎች አንዱም የዚህን ያህል አልጠየቃትም።

መልሱ ሽቦው ውስጥ ነው። በወርክሺቱ ላይ ሽቦ ሬዚስታንስ የለውም። ከምሰሶው ወደ ቤታችን የሚመጣው ሽቦ ግን አለው፤ በተለይ ረጅም፣ ቀጭን ወይም መገጣጠሚያው የላላ ከሆነ። እሱ ደግሞ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ጋር በሲሪስ ነው የተያያዘው፤ ማለትም ወደ ዕቃዎቹ የሚሄደው ከረንት ሁሉ በእሱ በኩል ያልፋል። ምጣዱ ብዙ ከረንት ሲስብ ሽቦው የቮልቴጁን ድርሻ ይወስዳል። ለአምፖሉ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ጎረቤት ሁሉ ምጣድ በሚሰካበት ሰዓት ደግሞ ይብሳል።

«በይ እናስላው» አልኳት። 3500 ዋት የሚል ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይስባል። ሬዚስታንሱ 13.8 ኦም ያህል ነው። ኃይሉ ደክሞ ቤት የደረሰው 180 ቮልት ብቻ ቢሆንስ? በቅድሚያ ግምቷን አስጻፍኳት። «ቮልቴጁ 18 በመቶ ቀንሷል፤ ሙቀቱም 18 በመቶ ይቀንሳል» ብላ ጻፈች። ስታሰላው 2340 ዋት ገደማ መጣ። አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል! ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንቱም አብሮ ይወርዳል፤ ኃይል ደግሞ የሁለቱ ብዜት ነው። እህቴ ከወጥ ቤት ሆና ትሰማን ነበር። «ለዚህ ነዋ ማታ ማታ እንጀራዬ ዓይን አላወጣ የሚለኝ!» አለች።

የምድጃው ጥቅል ሽቦ ሌላው ነው። ገበያ ሄደን ስንገዛው ራሱን «ሬዚስታንስ» እንለዋለን፤ ቃሉ ከትምህርት ቤት በፊት ወጥ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ሽቦው ሲበጠስ የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠን፣ ጠምዝዘን እንቀጥለዋለን። ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ ምድጃው ይዳከማል ወይስ ይበረታል? የጠየቅኳቸው ልጆች አብዛኞቹ «ይዳከማል፣ ተጎድቷላ» ነው ያሉኝ። ሲሰላ ግን ኃይሉ 11 በመቶ ይጨምራል። ሽቦው ባጠረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ከረንቱ ይጨምራል። ደጋግሞ የተቀጠለ ምድጃ ይበልጥ የሚቀላውና ቶሎ ቶሎ የሚበጠሰው አንድም በዚህ ነው።

ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን የሚያያይዘውን ሕግ (V = IR) ያገኘው ጆርጅ ኦም ራሱ በኮሎኝ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበር። የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች እየቀያየረ ለካ። ባትሪው አልረጋ ሲለው በሙቀት ልዩነት የሚሠራ ሌላ የኤሌክትሪክ ምንጭ ተጠቀመ። በ1827 እ.ኤ.አ. አሳተመው። እኛ ለልጆቻችን ሦስት ፊደል አድርገን የምንሰጣቸው ነገር ከሽቦ ርዝመት ጋር ከተደረገ ትግል የወጣ ነው።

የከረንት መለኪያ (አምፒርሜትር) የሌለው ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ቢሆንም ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ትናንሽ የእጅ ባትሪ አምፖሎችና ቁራጭ ሽቦ አይጠፋም። በሲሪስ ሲሆኑ የቱ ይደምቃል? አንዱ ቢነቀል ሌላው ምን ይሆናል? ተማሪው ይገምት፣ ይጻፍ፣ ከዚያ ያብራው። ድንጋዮቹ ያረጁ ከሆኑማ አምፖሎቹ በፓራለልም ይደክማሉ፤ የምጣዱ ጉዳይ እንደገና መጣ ማለት ነው። አደራ፣ በቤት ሶኬት ላይ ሙከራ የለም። 220 ቮልት ይገድላል። የምጣዱም የምድጃውም ጥያቄ የሚሠራው በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዞ የሁሉንም ግምት ማረም ከባድ መሆኑን አላጣሁትም። ስለዚህ 40ው ጥያቄ 10 ይሁን። ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች ደብተር ተለዋውጠው ይከራከሩ። መምህሩ ጭቅጭቅ የበዛበትን አንዱን ብቻ ሰሌዳ ላይ ያውጣው።

የእህቴ ልጅ ሰኞ ዕለት የምድጃውን ጥያቄ ክፍሏ ይዛው ሄደች። ማታ ደወለች። «ጋሼ፣ አንድ ልጅ ሽቦው እየተቆረጠ እየተቆረጠ ሄዶ ምንም ባይቀርና ሁለቱ ጫፎች ቢገናኙስ ብሎ ጠየቀን» አለችኝ። ሰፈር ውስጥ «ኮንታክት» የምንለው ይኸው ነው። አልነገርኳትም። ምን ይሆናል ብላ እንደምታስብ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍልኝ ጠየቅኳት። እየጠበቅኩ ነው።