ፎስፋቴዝ ፍሬን ነው ወይስ አይደለም?

የክርክሩ ርዕስ፦ «ፎስፋቴዝ የሴል ፍሬን ነው» ብሎ ለ12ኛ ክፍል ማስተማር ልክ ነው?

የባዮሎጂ መምህሩ (ደብረ ብርሃን)፦ ልክ ነው። ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ፎስፌት ይለጥፋል፣ ምልክቱ ይነሳል። ፎስፋቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ፎስፌቱን ይነቅላል፣ ምልክቱ ይቆማል። ፒቴን የሚባለውን ፎስፋቴዝ እዩ። ፒአይፒ3 ከሚባለው የሴል ሽፋን ቅባት ላይ ፎስፌት ያነሳል። እሱ ሲበላሽ ሴሉ ያለ ልክ ይራባል፤ ካንሰር የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ በሉት። ተማሪ ይህን አይረሳም።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ (ሸዋ ሮቢት)፦ አይሱዙው ያምራል መምህር። ኤስኤችፒ2ን ግን የት ሊጭኑት ነው? እሱም ፎስፋቴዝ ነው። የዕድገት ምልክት ሲመጣ «ራስ» የሚባለውን ፕሮቲን መንገድ ያበረታል እንጂ አያቆምም። ጂኑ ፒቲፒኤን11 ተለውጦ ኢንዛይሙ ከልክ በላይ ሲነቃ ኑናን ሲንድረም የሚባለው፣ ልብንና የሰውነት ዕድገትን የሚነካ የጂን ችግር ይመጣል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፤ የታማሚዎቹ ግማሽ ያህል ችግራቸው እዚሁ ጂን ላይ ነው። ሲበረታ የሚያስሮጥ ፍሬን አይተው ያውቃሉ?

መምህሩ፦ ቀልዱ ይቅርብን። ኤስኤችፒ2 የሚሠራው ምንድን ነው? ፎስፌት መንቀል! ለምሳሌ ያንን «ራስ» የሚባለውን የሚያጠፋው ፕሮቲን የሚያርፍበትን ፎስፌት ያነሳል። አጥፊውን አጠፋ ማለት ነው። ያው ማጥፋት ነው።

ባለሙያዋ፦ ቅድም «ምልክቱ ይቆማል» ነበር ያሉት። አሁን «ፎስፌት ይነቅላል» ሆነ። መንቀሉን ማን ካደ? እኔ ጋ ሰው ለኤች ፓይሎሪ ምርመራ ይመጣል፣ ጨጓራዬን እያለ። የዚህ ባክቴሪያ አንዳንድ ዝርያ ካግኤ የሚባል ፕሮቲን ጨጓራ ሴል ውስጥ ይወጋል። ካግኤ ኤስኤችፒ2ን ይዞ ያነቃዋል። ዝርያው ካግኤ ያለው ሲሆን የጨጓራ ካንሰር ስጋት ከፍ ይላል። የእርስዎ ተማሪ ግን «ፍሬኑ ከጠበቀማ ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

መምህሩ፦ ተማሪዬ የሚለውን ለእኔ ይተዉልኝ። እርስዎ የሚውሉት ከማይክሮስኮፕ ጋር ነው፤ ማይክሮስኮፕ ደግሞ አይንጫጫም። እኔ 40 ደቂቃ ነው ያለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩትን በአንድ ኢንዛይም ያፈርሱታል? እስኪ መጥተው ያስተምሩ!

ባለሙያዋ፦ ስለ ዕድሜዎ መቼ ተናገርኩ? እመጣለሁ፤ ቀኑን ይንገሩኝ። ኤስኤችፒ2 የራሱ አንድ ክፍል መሥሪያ ቦታውን ወትፎ እንደሚያስቀምጠው፣ ፎስፌት የያዘ ታይሮሲን (ከፕሮቲን መገንቢያ አሚኖ አሲዶች አንዱ) ሲነካው እንደሚከፈት አስረዳለሁ። 40 ደቂቃ ይበቃኛል። የጨጓራውን ጥያቄ ግን አልመለሱልኝም።