ታሪኩ ያለው እኮ ሰፌዱ ላይ ነው

ባለፈው ሐሙስ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት። ኤፍ ኤም ላይ የትዳር አማካሪ ተብሎ የቀረበ ሰውዬ ነው፣ ስሙን አልጠራም፣ ክሊፑ ቲክቶክ ላይ ሲዞር ስለሰነበተ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል። አንዲት ሴት ደወለች፣ እሁድ እሁድ ዘመድ ጋ እየሄደች የቤተሰቧን ታሪክ በስልኳ እንደምትቀዳ፣ ባሏ ደግሞ ቤቱን ጣልሽው እያለ እንደሚነጫነጭባት ተናገረች። ሰውዬው ሳቀ። የምሬን ነው፣ ሳቀ። ከዛ «እህቴ፣ ሙታን ምሳ አይሠሩም፣ መጀመሪያ ቤትሽን ያዢ፣ ይሄ የጡረታ ሥራ ነው» አላት። ጋዜጠኛዋም አብራ ሳቀች፣ ማስታወቂያ ገባ። እኔ ከመገናኛ እስከ አያት ስናደድ ሄድኩ።

ከመጀመሪያው ልናገር፣ ገለልተኛ አይደለሁም። እኔም እንደዛች ሴት ነኝ። ዘመዶቼን እየዞርኩ ስጠይቅ ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ አንድ ደብተር አለቀ፣ ሁለተኛው ተጋምሷል፣ ስልኬ በቮይስ ከመሙላቱ የተነሳ የልጆቼን ቪዲዮ ማጥፋት ጀምሬአለሁ (ባሌ ይሄን አያውቅም ነበር፣ አሁን አወቀ)። ቀን ቢሮ እሠራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት። ስለዚህ ስለ ቤት ሥራ ማንም ስቱዲዮ ቁጭ ብሎ እንዲያስተምረኝ አልፈልግም፣ ጀሪካኑን የምሸከመው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ የጡረታዋን ነገር እንጨርሳት። እኔ 41 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ በ60 ነው፣ ይቀረኛል 19 ዓመት። አብዛኛውን ነገር የነገሩኝ የአባቴ ታላቅ እህት ደግሞ 86 ዓመታቸው ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። በሰውዬው ምክር ከሄድኩ አክስቴን በ105 ዓመታቸው ነው የምጠይቃቸው ማለት ነው፣ እግዜር ያቆይልኝና። በነዚህ ስድስት ዓመታት ብቻ ካነጋገርኳቸው ሰዎች አራቱን ቀብረናል። ደግሞስ ሙታን ምሳ አይሠሩም ላለው፣ ለሙታኑ አርባና ሙት ዓመት ሲደገስ ድስቱን የሚያማስለው ማን እንደሆነ አንድ ቀን ጓዳ ገብቶ ይይ።

ግን በጣም ያናደደኝ ይሄ አይደለም። ከማስታወቂያው ሲመለሱ ያላት ናት። «ድሮ እኮ ዘር የሚቆጥሩት አባቶች ናቸው፣ ሴት ማጀት ነበረች» አለ። ወይ ጉድ! ይሄን ያለው ሰው አያት የለውም እንዴ? ጎጃምም ጎንደርም ርስት በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ይወረስ ነበር። በእናትህ እናት በኩል መሬት ይገባኛል ካልክ እንትና እንትናን ወለደ፣ እንትናን ደግሞ እንትናዪቱ ወለደቻት እያልክ መጀመሪያ መሬቱን እስካቀናው አባት ድረስ ቆጥረህ ማስረዳት ነበረብህ፣ መሐል ላይ አንዲት ሴት ከጠፋችብህ መሬቱም ጠፋ። እና እነዚያን ሴቶች ማን ነበር የሚያስታውሳቸው? ክርክሩን ወንዶቹ ሸንጎ ላይ ይከራከሩት ይሆናል፣ ስሙን ግን ማታ እሳት ዳር ከእናቶቻቸው ነው ይዘውት የሄዱት። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጥቶ ርስት ሲቀር ነው ቆጠራው የእንጀራ ጉዳይ መሆኑ የቀረው። ለጋብቻው ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠር ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሆነው ይስማማሉ፣ ከጓዳ አንዲት አሮጊት ብቅ ብላ «ኧረ ይሄ ልጅ እኮ በቅድመ አያቱ በኩል ወንድሟ ነው» ስትል ሁሉም ነገር ይፈርሳል። በእኛ ቤተሰብ እንደዚህ የፈረሰ ሠርግ አለ፣ ጠላው ተጠምቆ ነበር።

ደግሞ እሺ፣ ሴት ማጀት ነበረች እንበል። ታሪኩስ የት ነበር የሚመስለው?

እኔ ይሄን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደ ጋዜጠኛ ነበር የማደርገው። ደህና ልብስ ለብሼ፣ ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ፣ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ «እስቲ ስለ አያቴ ይንገሩኝ» እላለሁ። አክስቴ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ «እኔ ምን አውቅልሻለሁ ልጄ፣ ደህና ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር» ይላሉ። አለቀ። ሃያ ደቂቃ ቀድቼ ያገኘሁት ይቺን ነው፣ የተረፈው የዶሮ ድምፅ ነው። ከዛ የዛሬ ሦስት ዓመት ታህሳስ ላይ ሁለት ፈረሱላ ዛላ በርበሬ ገዝተን እሳቸው ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ዘረጋነው፣ መቀንጠስ ጀመርን፣ እኔ ሥራው ይለቅልኝ ብዬ እንጂ ታሪክ ትዝም አላለኝ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን፣ አይናችን እያነባ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «እናቴ በርበሬ ስትቀነጥስ ብቻ ነበር የምታለቅሰው፣ ለካ ለቡሬዋ ልጅ ኖሯል» አሉ። የምን የቡሬ ልጅ? እንግዲህ አያቴ ከአያቴ ጋር ከመጋባቷ በፊት ባል ነበራት፣ ሴት ልጅ ወልዳ ስትፋታ ልጅቷ ከአባቷ ወገን ጋ ቀረች፣ ማልቀስ ደግሞ ነውር ስለሆነ በርበሬ እየጠበቀች ታለቅስ ነበር። አባቴ ይሄን ሳያውቅ ነው የሞተው። እኔ የሰማሁት በበርበሬ ነው። ዛሬ የዛች ልጅ የልጅ ልጆች የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አሉ፣ አንዷ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ በየቀኑ እንደምን አደራችሁ የሚል አበባ ትልካለች፣ እሱን ችለነዋል።

ፊት ለፊት ተቀምጦ አይን አይን እየተያዩ የሚወራና ሁለት ሰው አንድ ሰፌድ ላይ አጎንብሶ የሚወራው አንድ አይደለም። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። ምስር ሲለቀም፣ ነጭ ሽንኩርት ሲላጥ፣ ቡና ሦስተኛው ሲደርስ። እኔ አሁን ማንም ዘመድ ጋ ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው የሚሠራ ነገር አለ ወይ ብዬ ነው፣ ከሌለ ሽንኩርት ገዝቼ እሄዳለሁ።

ቀኑም የሚገኘው ከዚያው ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በወጉ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ላይ ነው፤ ከዛ በፊት የተወለድነው ብዙዎቻችን መታወቂያችን ላይ ያለውን ልደት ማን እንደሞላው እግዜር ይወቀው። የአክስቴ ትልቁ ልጅ መታወቂያው መስከረም 1 ቀን 1965 ይላል፣ ከርቀት እንኳን ውሸት መሆኑ ያስታውቃል። «መቼ ወለዱት?» ብዬ ስጠይቅ «እኔ እንጃ»። ጌሾ እየነቀስን «ይሄን ያህል ጠላ መጨረሻ የጠመቁት መቼ ነው?» ስል ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ለህዳር ሚካኤል ማኅበር ተረኛ እሳቸው ነበሩ፣ ጌሾ እየወቀጡ ምጥ ያዛቸው፣ ድግሱን ጎረቤት ጨረሰላቸው፣ አራስ ቤት እያሉ ደግሞ ማኅበርተኛው ገና ጠላውን ሳይጨርስ ደርግ ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት መግደሉ በሬዲዮ ተሰማና የመጣው ሁሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ። ባለሥልጣናቱ የተገደሉት ህዳር 14 ቀን 1967 ነው፣ ሚካኤል 12 ነው። እና ልጁ የተወለደው በዋዜማው ወይ ከዛ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነው፣ መታወቂያው ከሁለት ዓመት በላይ አስረጅቶታል። ይሄን የትኛው መዝገብ ቤት ሄጄ ነው የማገኘው? ወመዘክርን፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ማለቴ ነው፣ አከብራለሁ፣ የአክስቴ ጌሾ ግን እዛ የለም።

ስምም እንደዛው ነው። ቅድመ አያቴ እናቷ ቤት አንድ ስም፣ አማቷ ያወጡላት ሌላ ስም፣ የክርስትና ስሟ ደግሞ ሦስተኛ። እኔ ሦስት ሰው መስለውኝ ሁለት ዓመት ለየብቻ ጽፌያቸው ነበር! የተፈታልኝ አንዲት የአባቴ አክስት ድስት ላይ ሆነው የአማታቸውን ድምፅ አስመስለው ቅድመ አያቴን ሲጣሩ ነው። አጎቴ ሳሎን ግድግዳው ላይ ሰባት ትውልድ በወርቅ ቀለም አሠርቶ በፍሬም ሰቅሏል፣ አንድም ሴት የለችበትም፣ ወንዶቹ እርስ በርስ በፎቶኮፒ የተባዙ ነው የሚመስለው። እሱን የሚያይ እንግዳ ሁሉ ታሪክ አዋቂ ይለዋል። እኔን ሥራ ፈት።

ህዳር 12 ጠዋት ግቢ ጠርጎ ቆሻሻ ማቃጠልስ? ህዳር ሲታጠን እያልን በየዓመቱ የምናደርገው እኮ በ1911 የገባውን የህዳር በሽታ እያስታወስን ነው። መጥረጊያው ራሱ ታሪክ ይዞ ነው የሚጠርገው። ልጄ ለምንድነው የምናጨሰው ስትለኝ በዛ በሽታ በአንድ ሳምንት ስላለቁት ሁለት የቅድመ አያቴ ወንድሞች ነገርኳት፣ ጠርገን ስንጨርስ ታሪኩም አለቀ፣ ተጨማሪ አምስት ደቂቃ አልወሰደብንም።

እሺ፣ አንድ ነገር ልመን። ቮይስ እየሰማሁ ቁሌት አሳርሬአለሁ፣ አንዴ አይደለም። አንዱን ቅዳሜ ሙሉውን ቮይስ ስገለብጥ የልጆቹ ዩኒፎርም ሳይታጠብ ሰኞ ሆነ። ሆነ። ምን ይጠበስ?

ምክንያቱም የዛች ሴት ችግር ዘር መቁጠሯ አይደለም። ቤቱን ጣልሽው ማለት ሲተረጎም እሁድ ምሳ በሰዓቱ አልቀረበልኝም ማለት ነው። ቅዳሜና እሁድ ፕሪሚየር ሊግ ሊያይ ዲኤስቲቪ ቤት የሚውል ወንድ ቤቱን ጣለው ተብሎ ሬዲዮ ላይ ሲመከር ሰምቼ አላውቅም፣ ለማንቸስተር ዩናይትድ ጡረታ እስክትወጣ ጠብቅ የሚለው የለም። አማካሪው አንድ ጊዜ እንኳን ባልየውን አብረሃት ሂድ፣ ወይ አንተ ወጡን ሥራ አላለም፣ ትዝም አላለው።

አንድ ነገር ደግሞ በጎን። ሰፈር እየፈረሰ ነው፣ ፒያሳን አይታችኋል፣ ቡና ይጠራሩ የነበሩ ሴቶች አንዷ አራብሳ አንዷ ገላን ደርሳለች። አብሮ በርበሬ የሚቀነጥስ ጎረቤት ከሌለ፣ በርበሬው ደግሞ ከሱቅ ተፈጭቶና ታሽጎ ከመጣ፣ አሮጊቶቹ የት ተቀምጠው ያወሩልን? እኔም ደክሞኝ የታሸገ የምገዛበት ወር አለ፣ አልዋሽም፣ ያኔ ደብተሬም ላይ አንድ መስመር አይጨመርም።

ለማንኛውም ሁዳዴ ሳይገባ የሽሮ እህል መልቀም አለብን። የፊታችን እሁድ አክስቴ ቤት ነው፣ አተርና ሽምብራው ተገዝቷል፣ ባሌም ይመጣል፣ ቪዲዮው ከጠፋበት በኋላ ብዙ ምርጫ የለውም። ያቺ የደወለችው ሴት ይሄን ካነበበች ቮይሷን ትቀጥል። አማካሪውም ከፈለገ ይምጣ፣ አንድ ሰፌድ ተርፎናል።